ውሃው የት ይሂድ? እርከንን ለሚነቅፍ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደጋው አገራችን ስለሚካሄደው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ የሚተች አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው በገበሬው ወገን ቆመው እንደ ጻፉ በየአንቀጹ ስለሚታይ በአክብሮት ነው የተከታተልሁት። መልስ ለመስጠት የተነሣሁትም ካነሧቸው ነገሮች ብዙዎቹ እውነት ሆነው ሳለ፣ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ዳገት ላይ የሚያርሰውን ያንኑ ገበሬ የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ አርባ ዓመት ተሠርቶም ወንዞቻችን ዛሬም ደፍርሰው ይወርዳሉ፤ ገበሬው ራሱ በ1983 ዓ.ም. አፍርሶታል፤ ማሳ ላይ ውሃ ያስተኛል፣ ጎርፍ የሚቆፍረውን ቦረቦርም ይፈጥራል፤ አባቶቻችን ትርፍ ውሃ ለማስወጣት በማረሻ በሚሰነጠቅ ፈሰስ ብቻ ሲያርሱ ኖረዋል፤ ታጥቦ የሄደውን ለምነት ማዳበሪያ ይተካዋል፤ ስለዚህ እርከን ቀርቶ ዳገቱን ባሕር ዛፍ ቢለብሰው ይሻላል። በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ውሃ ስለሚተኛበት ማሳ በተባለው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የጽሑፉ ትልቁ እውነትም ትልቁ ስሕተትም ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ከመሬቱ ልጀምር። ተዳፋትነቱ 15 በመቶ በሆነ፣ ማለትም በመቶ ሜትር 15 ሜትር በሚወርድ ማሳ ላይ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል እንዲሆን ከተወሰነ እርከኖቹ በየ10 ሜትሩ ይውላሉ። አንድ የአፈር እርከን ከነቦዩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ስለሚይዝ፣ ከማሳው 15 በመቶው ከእርሻ ይወጣል። ተዳፋትነቱ 5 በመቶ በሆነ ማሳ ላይ የከፍታ ልዩነቱን አንድ ሜትር ብናደርገው እርከኖቹ 20 ሜትር ስለሚራራቁ የሚያዘው መሬት ከ8 በመቶ አይበልጥም። በ30 በመቶ ዳገት ላይ ደግሞ፣ የከፍታ ልዩነቱ ወደ ሁለት ሜትር ከፍ ቢል እንኳ፣ ከአምስት አንዱ ይሄዳል። ስለዚህ ጸሐፊው የጠቀሱት አንድ አምስተኛ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ትክክል ነው፤ ለሁሉም ማሳ ሲነገር ግን ትክክል አይደለም። ግማሽ ሄክታር ይዞ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው 750 ካሬ ሜትር ማጣት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፤ ይህን ሳይናገር የእርከን መስመር ለማውጣት ካስማ የሚተክል ባለሙያም ለገበሬው እውነቱን አልነገረውም።

ሒሳቡ ግን በአንድ ወገን ብቻ ተይዟል። በአገራችን የእርሻ መሬት ላይ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው የስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ የሐንስ ሁርኒ ግምት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ሲነሣ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 12 ቶን ያህል ነው። እንግዲህ 42 ቶን ማለት በዓመት ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ፣ በ30 ዓመት ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ማረሻ የሚያገላብጠው አፈር ጥልቀት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። እርከን ያልሠራ ባለማሳ ዘንድሮ 750 ካሬ ሜትሩን ያድናል፤ ለልጁ የሚያወርሰው ግን ጭንጫ ነው።

እርከኑ የያዘው መሬትም ባዶውን መቅረት የለበትም። ደሾ ሳር፣ ዝሆኔ ሳር ወይም ሰስባኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ የተተከለበት እርከን በበጋው ወራት የከብት መኖ ይሰጣል፣ ሥሩም አፈሩን ያስራል። ይህ እንዲሆን ከመኸር በኋላ ከብት በማሳው ላይ እንዳሻው መለቀቁ መቅረት አለበት። ብዙ እርከን የሚፈርሰው በጎርፍ ሳይሆን በጥርና በየካቲት በከብት ኮቴ ነው፤ ጽሑፉ ልቅ ግጦሽን አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣቱ ትልቅ ጉድለት ነው። እኔ ደግሞ እርሳቸው ያላነሡትን የእርከን ጉድለት ልናገር። እርከን ከተሠራ ጥቂት ዓመት በሆነው የጤፍ ማሳ ውስጥ ጥቅምት ላይ ከላይ ወደ ታች ቢራመዱ ልዩነቱን በዓይን ያዩታል። ከእርከኑ በላይ ባለው ሁለትና ሦስት ሜትር፣ ታጥቦ የመጣው አፈር በሚያርፍበት ቦታ፣ ጤፉ ጠቁሮና ረዝሞ ወደ ጎን ይተኛል፤ እርከኑን ተሻግረው ከሥሩ ሲደርሱ ግን ጤፉ አጥሮና ገርጥቶ፣ በመካከሉ ጠጠር ፈጥጦ ይታያል። ማሳው በሁለት እርከኖች መካከል ቀስ በቀስ ሲስተካከል የላይኛው ጠርዝ ስለሚላጥ የሚመጣ ነገር ነው። ፍግና ኮምፖስት ያለው ሰው ለማሳው ሁሉ እኩል ከሚያዳርስ ለዚያ ለገረጣው መደዳ ቢያበላ በጥቂት ዓመት ይድናል።

ወንዞቻችን ዛሬም ደፍርሰው መውረዳቸው እርግጥ ነው። የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ባካሄደው የደጋው መሬት ጥናት ከደጋው በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገምቶ ነበር። ይሁን እንጂ የወንዝን ቀለም አይቶ በእርከን ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ወንዙ የሚያወርደው እርከን ከተሠራበትም ካልተሠራበትም ማሳ፣ ከቦረቦር፣ ከራሱ ዳርቻ፣ ከከብት መሄጃና ከመኪና መንገድ ዳር ቦይ የመጣውን ሁሉ ቀላቅሎ ነው። እርከን ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚታወቀው እዚያው ማሳው ላይ ሲለካ ነው። በትግራይ በድንጋይ እርከኖች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እርከኖቹ ከማሳ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል።

ወንዙ ራሱ ለሚያጤነው ሰው ሌላ ነገር ይናገራል። ዓባይ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ብዙ ደለል ይዞ የሚወርደው በክረምቱ መግቢያና በሐምሌ ነው፤ ውሃው ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ግን በነሐሴ ነው። በሐምሌ ማሳው ገና ባዶ ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ ልሟል፣ በብዙ ቦታም ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል፣ ዘሩም ገና መሬት አልሸፈነም። በነሐሴ መጨረሻ ሰብሉ አፈሩን ሲሸፍነው የዝናቡ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ መምታቱ ይቀንሳል፣ ወንዙም ይጠራል። ከዚህ የምንረዳው እርከን ብቻውን እንደማይበቃ፣ የማሳው መሸፈንም እኩል እንደሚያስፈልግ ነው። የእርሻው ድግግሞሽ ቢቀነስ፣ የሰብሉ ቃርሚያ በማሳው ላይ ቢተው፣ ጤፍ ከዳገቱ ወርዶ ለጥ ወዳለው መሬት ቢዛወርና ዳገቱ ቶሎ ለሚሸፍን ሰብል ቢሰጥ የእርከኑ ሸክም ይቀላል። ጸሐፊው ወደዚህ ቢያመሩ ኖሮ ከእርሳቸው ጋር የምከራከርበት ነገር ባልኖረ ነበር።

ገበሬው በ1983 ዓ.ም. እርከን አፍርሷል የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ተዘሏል። እነዚያ እርከኖች ከ1966ቱ ረኃብ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ይልቁንም በ1970ዎቹ፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ይደገፍ በነበረው የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር የተሠሩ ናቸው። ትእዛዙ በገበሬ ማኅበር በኩል ይወርድ ነበር፤ ክፍያው ስንዴና ዘይት ነበር፤ ሪፖርት የሚደረገውም በኪሎ ሜትር ነበር። እርከኑ በየትኛው አፈር ላይ፣ በምን ያህል ርቀት ቢሠራ ይሻላል ተብሎ የተጠየቀ ባለማሳ ጥቂት ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ በተከታዩ ዓመትም መንግሥት ሲለወጥ፣ ገበሬው ያልመከረበትን ነገር አፈረሰ። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ሲደለደል ያየ ሰው በከርሞ የማን እንደሚሆን በማያውቀው ማሳ ላይ ድንጋይ የሚክብበት ምክንያት አልነበረውም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከተሰጠ ወዲህ በራሳቸው ወጪና ጉልበት እርከናቸውን የሚጠግኑ ሰዎች ማየት የጀመርነው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የእርከንን ዕጣ በ1983 ብቻ ከመመዘን ይልቅ ወደ ኮንሶም ማየት ይገባል። እዚያ እስከ 5 ሜትር የሚደርሱ የድንጋይ ካቦች ያለ ሲሚንቶ ተክበው ከ400 ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ አርሶባቸዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የኮንሶ ሰው ካቡን ሲሠራ ስንዴ የሰፈረለት አልነበረም። ዝናቡ አጭርና ኃይለኛ፣ አፈሩም ጥቂት ስለሆነ፣ ካብ ከሌለ እህል እንደሌለ ያውቃል። ገበሬ እርከን አይወድም ብሎ መደምደም ይህን ሁሉ ሰው መርሳት ነው።

አሁን ውሃ ወደሚተኛበት ማሳ ልመለስ። በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያዩትን እኔም አይቻለሁ፤ እንዲያውም በእጄ ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ፣ በበጋው ዘመቻ እንዲሠራ የታዘዘልንን የእርከን ርዝመት ለመሙላት ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ባለው አንድ ማሳ ላይ ካስማ ተክለን ነበር። በሁለት እንጨቶች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ውሃ ልክ አንጠልጥለን፣ አረፋው መሀል ላይ ሲቆም ካስማ እየመታን፣ መስመሩን ፍጹም ደልዳላ አድርገን አወጣነው። ባለማሳው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ሥራውን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ለመሆኑ ውሃው የት ይሂድ ብለህ ነው?» አሉኝ። እዚያው ይሰርጋል አልኋቸው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከላይኛው እርከን በላይ ያለው ጤፍ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ ሆነ። ከዚያ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ አድሮ እርከኑ ዝቅ ባለበት በኩል ተበጠሰ፤ ውሃው ሦስቱን እርከኖች በተርታ ቆርጦ ወረደ። በመስከረም ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር አገኘን፤ በዓመቱ ወገብ ደረሰ። ጥፋቱ የእኔና የላኩኝ ሰዎች ነበር።

ለምን እንደ ተበጠሰ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሎ ግማሹ ቢፈስ 200 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 200,000 ሊትር ውሃ ነው፤ 20,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ አሥር ምልልስ ይሆናል። በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ በሄክታር 1,000 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ ይኖረናል፤ ቦዩ ግማሽ ሜትር ወርድና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው የሚይዘው 250 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዝናብ ይችለዋል። ዝናቡ አልፎ አልፎ በሚጥልባቸው በትግራይ፣ በሰሜን ወሎና በኮንሶ ዓይነት ቦታዎች፣ ቦዩ የያዘው ውሃ ሁለተኛው ዝናብ ሳይመጣ ይሰርጋል፣ ሰብሉንም በደረቁ ሳምንታት ያቆየዋል፤ ደልዳላው እርከን እዚያ ምርት የሚጨምረው ስለዚህ ነው። በጎጃም ደጋ ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ዋልካው አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃ አያሳልፍም፤ የዛሬው ውሃ ሳይሰርግ የነገው ይደረብበታል። የትግራዩን እርከን ለጎጃም ዋልካ መስጠት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በተደጋጋሚ ተሠርቷል።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው እርከን ይቅር አሉ፤ እኔ ግን እርከኑ መውጫ ይሰጠው እላለሁ። ዝናብ በሚበዛበት አገር ከማሳው በላይ፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ወደ ጎን የሚወስድ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አስቀድሞ ይቆፈራል። ከዚያ እርከኖቹ በመቶ ሜትር እስከ አንድ ሜትር በሚደርስ ዝቅታ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለው ይሠራሉ፤ ውሃው እየተንሸራሸረ ሄዶ ሳር ወደ ለበሰ የውሃ መውረጃ ይገባል። ይህ የውሃ መውረጃ ከእርከኖቹ አንድ ክረምት ቀድሞ መሠራትና ሳሩ ሥር መስደድ አለበት፤ እርከኑ ቀድሞ ውሃውን ባዶ አፈር ላይ ቢለቀው ቦረቦር የሚወልደው ያን ጊዜ ነው። ከባዱ ነገር ቁፋሮው አይደለም። የውሃ መውረጃው ከአንድ ሰው ማሳ ላይ መሄድ ግድ ስለሆነበት፣ በላይና በታች ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ተቀምጠው በማን በኩል እንደሚወርድና መሬቱን ለሰጠው ሰው ምን እንደሚካስ መስማማት ይኖርባቸዋል። ይህ ስምምነት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ የባከነ ጊዜ አይደለም፤ እኔ ካስማ በተከልሁበት ማሳ ላይ የተዘለለው እሱ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ እንዳይመስል አንጀኒን አነሣለሁ። በጎጃም የሚገኘው ይህ ትንሽ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሥር ከተቋቋሙት የምርምር ጣቢያዎች አንዱ ሲሆን፣ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። በማሳዎቹ ላይ የተሠራው ፋንያ ጁ የተባለው፣ ከኬንያ የመጣ ዘዴ ነው፤ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ታች ከሚጣል ይልቅ ወደ ዳገቱ ወገን ይወረወራል፣ ስሙም በስዋሂሊ ይህንኑ ያመለክታል። በላይ የተከማቸው አፈር የሚታጠበውን እያቆመ ሲሄድ፣ ማሳው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረጃ ደረጃ እየሆነ መጥቷል። እዚያም ቢሆን ውሃ የተኛበት ቦታና ምርት ያልጨመረበት ዓመት ነበር፤ አፈሩ ግን ማሳው ላይ ቀርቷል።

ወደ ፈሰስ እንለፍ። አባቶቻችን ከዘር በኋላ በማረሻ በማሳው ላይ አግድም ሰያፍ እየሰነጠቁ የሚያወጡት ፈሰስ ብልሃት ያለው ነገር ነው፤ ትርፉን ውሃ ያስወጣል፣ ዘሩን ከመታጠብ ያድናል። የባለማሳዬ ጥያቄም ከዚሁ ዕውቀት የመነጨ ነበር። ችግሩ ፈሰሱ የማሳው ድንበር ላይ ማለቁ ነው። የላይኛው ሰው በፈሰሱ ያስወጣውን ውሃ የታችኛው ይቀበላል፣ እሱም የራሱን ጨምሮ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ ፈሰሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ባዘነበለ ቁጥር ውሃው ፍጥነት ያገኛል፣ ፈሰሱ ራሱ ይቦረቦራል። መሬት ሰፊ በሆነበትና ማሳ ለዓመታት በሚያርፍበት፣ በማሳዎች መካከልም ሰፊ የሳር ወሰን በነበረበት ዘመን ይህ ውሃ የሚበርድበት ቦታ ያገኝ ነበር። ዛሬ ወሰኑ በየዓመቱ እየታረሰ እግር ብቻ የሚያስኬድ ሆኗል። ስለዚህ ፈሰሱ እንዲቀር አልጠይቅም፤ ሁለት እርከኖች ባሉበት መካከል አጠር ብሎ ይውጣ፣ ወደ እርከኑ ቦይ ይግባ፣ ከዚያም ወደ ውሃ መውረጃው ይሂድ።

ስለ ማዳበሪያው ብዙ አልልም። ማዳበሪያ ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ ውሃ የሚይዝ አፈር ግን አይጨምርም፤ ለሥርም ጥልቀት አይሰጥም። ከዚህም በላይ ዩሪያው የሚበተነው ጎርፍ በሚበዛበት ወቅት ስለሆነ፣ እርከን ከሌለው ዳገት ላይ ገበሬው በብድር የገዛው ዩሪያ ከአፈሩ ጋር ወንዝ ይገባል። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት እንደ መፍትሔ እንዳቀረበው ሊገባኝ አልቻለም።

የመጨረሻው ነጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ማገዶና የቤት እንጨት እንዲሁም ጥሬ ገንዘብ ያስገኘ ዛፍ ስለሆነ በጅምላ አላወግዘውም። ዳገትን ከመታጠብ የሚጠብቀው ግን መሬቱን የሚነካው ሽፋን፣ ማለትም ሳሩ፣ ቁጥቋጦውና የረገፈው ቅጠል ነው። ተጠጋግቶ በተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ሳር እምብዛም አይበቅልም፤ የሚረግፈውም ቅጠል ለምጣድ እየተጠረገ ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ራቁቱን የቆመ አፈር ነው፣ ጎርፉም በግንዶቹ መካከል ሲወርድ የሚያግደው የለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ተዳፋትነታቸው ከ60 በመቶ በላይ የሆኑ መሬቶች ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውሉ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆኑት ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚለማባቸው ዳገቱን ደልዳላ ደረጃ የሚያደርገው የጠረጴዛ እርከን ሲሠራ ብቻ እንዲሆን ሲደነግግ፣ ለገደላማው መሬት ዛፍ፣ ቋሚ ተክልና መኖ አስቦለት ነበር። ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለለ ኮረብታ በሁለትና በሦስት ክረምት ሳር ይለብሳል፤ ያ ሳር ታጭዶ ለኮረብታው ባለቤቶች ይከፋፈላል፣ ከሥር ላለው ማሳም የሚወርደው ጎርፍ ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ ተክሎ የቆየ ሰው ካለ ግን፣ ዛፉን ሳይነቅል ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ ከሥሩ የሚረግፈውን ቅጠል ቢያንስ በክረምቱ ወራት አይጥረገው፣ በየጥቂት ሜትሩም የተቆረጠውን ቅርንጫፍ በአግድም ያጋድመው።